የአህያ ራስ ስንት ነው? ከሰማርያ እስከ ዴም

የዴም ልጆች፣ ከዴም ተነሥታችሁ በየአገሩ የተበተናችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ ስለ እኛ የምትጨነቁ ዘመዶቻችን። የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ስልካችሁ ቻርጅ ካለው ታገሡኝ።

ነገሩን ያስነሡት አክስቴ ናቸው። ሰሞኑን ከጎንደር በድምፅ መልእክት «ልጄ፣ ካርቱም ላይ የወረደው የእግዜር ቁጣ ነው፤ ረሃቡም የኃጢአታችሁ ዋጋ ነው፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነውና ንስሐ ግቡ» ብለው መከሩኝ። የምታውቋቸው ታውቃላችሁ፣ አክስቴ በክፋት የሚናገሩ ሰው አይደሉም። በጦርነቱ ጊዜ ካላቸው ላይ ቀንሰው ስንት ጊዜ ልከውልኛል። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ዝም ባልኩ። ግን እዚሁ ዴም ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ በ2016 ክረምት ሕፃን ልጇን ቀብራለች። ልጁን ጥይት አልነካውም። ወተት አጣ፣ ተቅማጥ ያዘው፣ አለቀ። እሷም እስከ ዛሬ ድረስ «በእኔ ኃጢአት ነው» ትላለች። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለእሷ ነው።

እኔ ካህን አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ንስሐ አያስፈልግም ልል አልመጣሁም። መጽሐፉ ከተጠቀሰ ግን መጽሐፉን ገልጠን እንየው ነው የምለው።

ሁለት ዓይነት ረሃብ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ረሃብ አለ። አንደኛው ዝናብ ሲቀር የሚመጣው ነው። አብርሃም ወደ ግብፅ የወረደው በዚያ ነው። የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ወደ ዮሴፍ የሄዱት፣ ኑኃሚን ከነባሏ ከቤተልሔም ወደ ሞዓብ የተሰደደችው በእንዲህ ያለ ረሃብ ነው። ሰው ይቸገራል፣ ግን መንገድ አለው። ስልቻውን ተሸክሞ እህል ወዳለበት ይሄዳል። የዚያ ረሃብ ሰው ስደተኛ ነው፣ እንደ እኛ።

ሁለተኛው የከበባ ረሃብ ነው። እዚህ ዝናቡ ዘንቦ፣ አዝመራው አምሮ ሊሆን ይችላል። እህሉ ከቅጥሩ ማዶ አለ። የተራበው ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ በሩ ላይ የታጠቀ ሰው ቆሟል። ይህኛው ረሃብ በር አለው፣ በረኛም አለው። ስለዚህ «ለምን ተራቡ?» ከማለታችን በፊት «በሩን ማን ዘጋው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

አክስቴ የሚጠቅሱት ዘዳግም 28ን ነው። እዚያ የከበባ ረሃብ ከእርግማኖቹ መካከል መቆጠሩ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 20 ከተማ ለሚከብብ ሠራዊት ሕግ ያወጣል። ከበባው ቢረዝም እንኳ የፍሬ ዛፍ በምሳር መቁረጥን ይከለክላል። ከበባ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ቢሆን ኖሮ ለከባቢው ሕግ ባላስፈለገው ነበር። ሕግ የሚሰጠው የሠራውን ለሚጠየቅ ሰው ነው።

ሰማርያ፦ ዋጋውን የጻፈ ሰው

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 ላይ የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር ሰማርያን ከበበ። ታሪኩን የጻፈው ሰው ስለ ረሃቡ ሲናገር ከሁሉ አስቀድሞ የገበያ ዋጋ ይነግረናል። የአህያ ራስ 80 ብር፣ የቀብ አንድ አራተኛ የርግብ ኩስ 5 ብር ገባ ይላል።

ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሂሳብ እሠራለሁ። በኦሪት ዘጸአት በሬ ወግቶ ለገደለው ባሪያ የሚከፈለው ካሳ 30 ሰቅል ብር ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ዓናቶት ያለውን እርሻ የገዛው በ17 ሰቅል ነው። ዘመኑ ቢለያይም ሚዛኑን ለማየት ይረዳናል። በኦሪት ርኩስ ተብሎ የማይበላ እንስሳ፣ ያውም ሥጋ የሌለው ጭንቅላቱ፣ የሁለት ሰው ካሳና የአራት እርሻ ዋጋ አልፎ ሄደ። ሰው ባሪያውንም እርሻውንም ሸጦ አጥንት ይግጣል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሁለቱ እናቶች ታሪክ አለ። አልዘረዝረውም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። መጽሐፉ እናቶቹን በአንዲት ቃል እንኳ አይወቅስም። ስለ ኢየሩሳሌም ረሃብ የሚናገረው ሰቆቃወ ኤርምያስም ተመሳሳይ መከራ የደረሰባቸውን እናቶች «ርኅሩኆች» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ርኅራኄያቸው ረሃቡን አልከለከለውም፣ ረሃቡም ስማቸውን አልቀየረውም። ጎረቤቴ ሆይ፣ ይህን ደጋግመሽ አንብቢው።

ንጉሡስ ምን አደረገ? ሴቲቱን ሰምቶ ልብሱን ቀደደ፣ ከውስጥ ማቅ ለብሶ እንደነበር ሕዝቡ አየ። ጾም ላይ ነው ማለት ነው። ግን ወዲያው የነቢዩን የኤልሳዕን አንገት እቆርጣለሁ ብሎ ማለ። ከተማዋን የከበበው ወልደ አዴር ነው፣ እሱን አልቻለውም፤ ስለዚህ አጠገቡ ባለ ሰው ላይ ዞረ። በተከበበ ከተማ ሁሉ ይህ አለ። በእኛም ላይ ደርሷል። ጦርነቱ ሲጠና ሐበሻ ሁሉ ቅጥረኛ ተብሎ የተጠረጠረበት ጊዜ ነበር። ዳቦ ሲጠፋ የመጀመሪያው ጣት የሚቀሰረው ባዕድ ላይ ነው።

ከበባውን መጀመሪያ ያወቁበት ግን ወታደሮች አይደሉም። በበሩ ደጃፍ የሚኖሩ አራት ለምጻሞች ነበሩ። ከተማው አያስገባቸውም፣ ጠላትም አይቆጥራቸውም። ተመካከሩ፦ ወደ ከተማ ብንገባ ረሃብ አለ፣ እዚህ ብንቀመጥም እንሞታለን፣ ወደ ጠላት ሰፈር እንሂድና የመጣው ይምጣ አሉ። ወገኖቼ፣ ይህን ምክክር የማያውቅ የዴም ሰው ማን ነው? «መተማ ብንሄድ እንዲህ አለ፣ እዚህ ብንቆይ እንዲህ አለ፣ ሊቢያ ብንሄድ...» እያልን ስንት ሌሊት አነጋን!

ለምጻሞቹ ሲደርሱ የሶርያ ሰፈር ባዶ ነው። ሠራዊቱ በሌሊት ደንግጦ ሸሽቷል። በሉ፣ ጠጡ፣ ወርቅና ብር ደበቁ። ከዚያ ግን ይህ ልክ አይደለም፣ ለከተማው እንንገር ተባባሉ። የናቃቸውን ከተማ የመገቡት እነሱ ናቸው። በማግስቱ አንድ መስፈሪያ መልካም ዱቄት በአንድ ሰቅል ተሸጠ። በአንድ ቀን! ዝናብ አልዘነበም፣ አዝመራ አልደረሰም። የተለወጠው አንድ ነገር በሩ ተከፈተ። የዋጋው መውደቅ ረሃቡ ከየት እንደመጣ ይነግረናል።

ኢየሩሳሌም፦ አገሩ ኩሽ የሆነ ሰው

ሁለተኛው ትልቅ ከበባ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር በኢየሩሳሌም ላይ ያደረገው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ588 ገደማ ጀምሮ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆየ። ሕዝቅኤል በምሳሌ እንዲያሳይ የታዘዘው የከበባ ምግብ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ምስር ከሌላ እህል ጋር የተደባለቀበት፣ በቀን 20 ሰቅል የሚመዝን እንጀራ ነው። በእኛ ሚዛን 230 ግራም ገደማ ይሆናል። የእርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ብለው ይነሣሉ፤ ይህ እንጀራ ከዚያ ሲሶ ብዙም አያልፍም። የጤና እንጀራ መስሏችሁ እንዳታደንቁት። እህሉ የተደባለቀው ከየማድጋው ጥግ ተጠራርጎ ስለወጣ ነው። የሚጋገረውም በኩበት ነው። ለነቢዩ ኩበቱ የተሰጠው በልመና፣ ከባሰው ነገር እንዲተርፍ ነበር። እኛ የገጠር ልጆች ኩበትን እንደ ውርደት አናየውም፣ ግን ከተማ ውስጥ እንጨት ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አይተናል። የበርና የአልጋ እንጨት ፈልጠን አንድደናል።

ኤርምያስ ያን ጊዜ እስረኛ ነበር። ከጋጋሪዎች ሰፈር በቀን አንድ እንጀራ እንዲሰጠው ታዘዘ፣ እንጀራ ከከተማው እስኪጠፋ ድረስ። ኋላ መኳንንቱ ጭቃ ወዳለበት ጉድጓድ ጣሉት። ያን ጊዜ የተነሣው ሰው በአማርኛ መጽሐፋችን ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይባላል። ንጉሡ በበሩ ተቀምጦ ሳለ ሄዶ፣ በከተማው እንጀራ ስለሌለ ይህ ሰው እዚያው በረሃብ ይሞታል ብሎ ተናገረ። 30 ሰው ተሰጠው። ከግምጃ ቤት በታች ያረጀ ጨርቅ ሰብስቦ፣ ገመዱ እንዳይልጠው በብብትህ ሥር አድርገው ብሎ ለነቢዩ አወረደለትና ጎትቶ አወጣው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ከኢየሩሳሌም ጥፋት ተሰውሮ 66 ዓመት የተኛው ይኸው አቤሜሌክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዕብራይስጡ የዚህ ሰው አገር «ኩሽ» ነው። ግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ብለው ተረጎሙት፣ የእኛም መጽሐፍ ያንን ተከተለ። ኩሽ የሚባለው ምድር ከአስዋን ወደ ደቡብ በዓባይ ዳር የተዘረጋው ነው። ከተሞቹ ናፓታና መርዌ ዛሬ በሱዳን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አቤሜሌክ የእኛ ነው ስንል ሱዳኖችም የእኛ ነው ቢሉ እውነት አላቸው። በተከበበች ከተማ ውስጥ የሚኖር ባዕድ፣ የራሱ ያልሆነ እስረኛ ሲራብ አይቶ ዝም ያላለ ሰው ነው። የዴም ሰው ሁሉ የዚህ ሰው ዘመድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካርቱም፣ 317 ቀን

አሁን ወደ ገዛ ከተማችን እንምጣ። ካርቱም በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተራበች የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

በፌብሩዋሪ 1884 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን የግብፅን ጦርና ሠራተኞች ሊያስወጣ ካርቱም ገባ። በማርች የመሐዲ ሰዎች የቴሌግራፉን ሽቦ ቆረጡ፣ ከበባው ተጀመረ። በከተማው 34,000 ያህል ሕዝብ ተቆጠረ። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሁለት ጎን፣ ምሽጉ በደቡብ። ዛሬ ዴም ያለበት ደቡቡ ያን ጊዜ ሜዳ ነበር። «ዴም» የሚለው ቃል ራሱ ሰፈር፣ የጦር ሰፈርም ማለት ነው፤ የመሐዲ ሠራዊት ያረፈባቸው ቦታዎች ዴም ይባሉ ነበር። የእኛ መንደር ስሙን የያዘው ከዚያው ቃል ነው።

ጎርደን ገንዘብ ሲያልቅበት በእጁ የፈረመበት የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀት ግን አይበላም። እህል የደበቁ ቤቶች ተፈተሹ። በመጨረሻ አህያው፣ ውሻው፣ አይጡ ሁሉ ተበላ። ለወታደሩ ሙጫና የተምር ዛፍ ልብ ይታደለው ነበር። በጃንዋሪ 1885 የኡምዱርማን ምሽግ ስንቅ አልቆበት እጁን ሰጠ። ጎርደንም መውጣት የፈለገ ነዋሪ ወደ መሐዲ ይሂድ ብሎ ፈቀደ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጡ። የአራቱ ለምጻሞች ምክክር ማለት ይህ ነው።

ጃንዋሪ 26 ሊነጋ ሲል፣ የነጭ ዓባይ ውኃ ጎድሎ በምሽጉ ጫፍ በገለጠው ጭቃ በኩል ሠራዊቱ ገባ። የተራበ ወታደር መቆም አልቻለም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታረደ። ለእርዳታ የተላኩት መርከቦች የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከበባው 317 ቀን ፈጀ። ስለ ጎርደን ስንት መጽሐፍ ተጽፏል። ሙጫ በልታ ስለ ሞተችው የካርቱም እናት ግን አንድ ገጽ የሚሞላ አታገኙም።

በር የከፈቱት የእኛ አባቶች

ይህን ክፍል አክስቴ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ፣ የእሳቸው አገር ታሪክ ነውና።

ካርቱም በተከበበች ጊዜ በከሰላ፣ በመተማ ማዶ በገላባትና በሌሎችም ቦታዎች የግብፅ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ተከብበው ነበር። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ውል ተፈራረሙ። ውሉ የተከበቡት በኢትዮጵያ ምድር አልፈው በምፅዋ እንዲወጡ የሚያደርግ ነው። እነዚህ ሰዎች ከጥቂት ዓመት በፊት በጉንደትና በጉራ የተዋጉን የግብፅ መንግሥት ሰዎች ናቸው! ሆኖም የገላባቱ ጦር በኢትዮጵያውያን እጅ ከከበባ ወጣ። ከሰላ ግን አልደረሱላትም፣ በጁላይ 1885 ረሃብ አንበርክኳት እጇን ሰጠች።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ ነው አልልም። በለውጡ ቦጎስን፣ በምፅዋም ነጻ መተላለፊያ ሊያገኙ ነበር። ምፅዋን እንግሊዝ ለጣሊያን አሳልፋ ለቀቀችባቸው። ከመሐዲስቶች ጋር ጠቡ ከረረ። በ1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ ብዙ ሰው ማርኮ ወደ ኡምዱርማን ነዳ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ወደቁ።

ከዚያስ? በሁለቱም አገር ረሃብ ገባ። ሱዳኖች ዓመቱን በሂጅራው 1306 መሠረት «ሰነት ሲታ»፣ ስድስተኛው ዓመት ይሉታል። ዝናቡ ጎድሎ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ኸሊፋ ዓብዱላሂ ጎሣውን ተዓኢሻን ከዳርፉር ነቅሎ ኡምዱርማን አስፍሮ በእህሉ ላይ ቅድሚያ ሰጠው፣ ገበሬውም በየግንባሩ ተበትኖ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ጣሊያኖች በምፅዋ ካስገቡት ከብት ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ያ ነው። ከሕዝቡ እስከ ሲሶ አለቀ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ከጎንደር የተማረኩት ወገኖቻችን ያን ጊዜ እዚሁ ኡምዱርማን ነበሩ። እንግዲህ በዚህ ከተማ የተራብን የመጀመሪያዎቹ ሐበሾች እኛ አይደለንም።

ዴም

የእኛ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀዳም ሹር። እኛ 55 ቀን ጾመን ዶሮ ገዝተን ፋሲካ እየጠበቅን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን ላይ ሆነው ዒድ እየጠበቁ። ሁላችንም ጾመኞች ነበርን። ከዚያ በኋላ የጾምነው ግን በሰው ትእዛዝ ነው።

በሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ አየን። መጀመሪያ ድልድዮቹ። የቱቲ ደሴት ሰዎች ያለቻቸው አንዲት ድልድይ ተዘግታባቸው በገዛ ደሴታቸው ታሰሩ። የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ራሱ ከ20 ወር በላይ ተከብቦ ቆየ። በግንቦት 2015 ለተጎዱ ሕፃናት ምግብ የሚያመርተው የካርቱም ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ዩኒሴፍ እንዳስታወቀው ለ14,500 ሕፃናት የሚሆን ምግብ ከነፋብሪካው ነደደ። ይህን ስሰማ በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ሲከብቡ የሆነው ትዝ አለኝ። ዮሴፍ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ እንደመሰከረው፣ ከቅጥሩ ውስጥ እርስ በርስ የሚዋጉት ወገኖች ለዓመታት ይበቃ የነበረውን የእህል ጎተራ ራሳቸው አቃጠሉት። ከበባ ሁልጊዜ ከውጭ ብቻ አይመጣም።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ የገዚራ መንገድ ተቆረጠ፤ የሱዳን የእህል ጎተራ ገዚራ ናት። በጥር መጨረሻ ኔትዎርክ ጠፋ። ገንዘብ የነበረው ሰው ገንዘቡ በ«ባንክክ» ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። እኛ መታወቂያችን የስደተኛ ወረቀት ለሆነውና መጀመሪያውንም የባንክ ሒሳብ ለማንከፍተው በሰው ስልክ መላክና መቀበል ነበረብን፣ እሱም ቀረ። ስልኩን በጥቂት ማልዋ ማሽላ የለወጠ ሰው አውቃለሁ። የአህያ ራስ ዋጋ ማለት ይህ ነው።

በዚህ መሐል ተኪያው ነበር። የሰፈር ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ድስት ጥደው ፉል፣ ምስር፣ አንዳንዴ ዓሲዳ ያበስሉ ነበር። እኔ በየቀኑ ሳህን ይዤ ተሰልፌያለሁ፣ መምህር ነኝ ብዬ አላፈርኩም። አንድ ቀን ከኋላዬ ያለ ሰው «መጀመሪያ ለአገሩ ልጅ» ብሎ አጉረመረመ። የምታድለዋ ሴትዮ ጭልፋዋን አንሥታ «ድስቱ አገር የለውም» አለችውና ለእኔ ጨለፈች። ያቺ ሴት ሱዳናዊት ናት፣ ማለትም የአቤሜሌክ አገር ልጅ። ነገሥታቱ በሩን ሲዘጉ ገመድና ጨርቅ ይዘው የመጡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጦሩ ካርቱምን መልሶ ያዘ፣ መንገድ ተከፈተ። የዱቄት ዋጋ ወረደ። ኃጢአታችን በዚያ ሳምንት ስለቀነሰ ነው? አይደለም። እንደ ሰማርያ በሩ ስለተከፈተ ነው።

ለአክስቴም፣ ለጎረቤቴም

ይህ ታሪክ አላለቀም። ኤል ፋሸር ከ500 ቀን በላይ ተከበበች። የፀጥታው ምክር ቤት በጁን 2024 ከበባው ይቁም ብሎ ወሰነ፣ አልቆመም። ሰዉ ለከብት የሚሰጠውን የለውዝ ፋጉሎ፣ ዓምበዝ የሚሉትን፣ በላ። ከተማዋ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወደቀች። በአገራችንም በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ትግራይ መንገዱ፣ ባንኩና ስልኩ ተዘግቶባት ሰው በረሃብ ሞተ። ዴም ውስጥ ከአማራ፣ ከትግራይ፣ ከኦሮሞ፣ ከኤርትራ የመጣን ሰዎች በአንድ ጀበና ዙሪያ እንቀመጣለን። የአንዱን ከበባ ኮንነን የሌላውን «የእጁን ነው ያገኘው» ካልን፣ ከሰማርያ ምንም አልተማርንም። ዛሬ ዓለም አቀፍ ሕግም ሰላማዊ ሰውን በረሃብ መውጋትን ከልክሏል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ላይ ተጽፏል። የፍሬ ዛፍ አትቁረጥ ከሚለው ከኦሪቱ ሕግ ብዙ አይርቅም።

አክስቴ፣ አንቱን ልቃወም አይደለም። ንስሐ እንገባለን። ግን በሩን የዘጉት ሰዎች ንስሐ ከእኛ ንስሐ በፊት ይመጣል። የእነሱን ኃጢአት እኛ ላይ ከቆጠርን እነሱ በነጻ ይሄዳሉ።

እህቴ፣ ጎረቤቴ፣ ልጅሽን የቀበርሽው በኃጢአትሽ አይደለም። ወተቱ ነበር፤ ከኬላው ማዶ ነበር። አንቺ ርኅሩኅ ተብለው ከተጻፉት እናቶች አንዷ ነሽ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። የነገሥትን መጽሐፍ የጻፈው ሰው የርግብ ኩስ ዋጋ እንኳ አልናቀም፣ ስለጻፈው ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ እኛ አወቅነው። የካርቱም 317 ቀን እናቶች ግን ጻፊ አላገኙም። ስለዚህ ደብተር አንሡ። በዚያ ጊዜ አንድ ማልዋ ማሽላ በስንት ገዛችሁ? ምን ሸጣችሁ በላችሁ? የትኛው መንገድ በየትኛው ወር ተዘጋ? ማን መገባችሁ? ለደኅንነታቸው የሚያሰጋ ከሆነ ስማቸውን በይፋ አትጻፉት፣ በቤታችሁ ግን ጻፉት። አሜሪካና አውስትራሊያ ያላችሁ፣ እናቶቻችሁን በስልክ ጠይቁና እናንተ ጻፉላቸው። እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት የዚያችን ጭልፋ ያነሣች ሴትዮ ስም ነው።

ቸር ያሰማን። ከዴም።